ፎርማት ሳይደረግም ሊኑክስ ይጫናል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤
አዲስ አበባ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች «ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለ፤ ምን ይሻላል?» የሚል ሰው በዝቷል። ከማሽኖቹ ብዙዎቹ አገልግለው ከውጭ የገቡ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ናቸው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ምርቶች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። ማሽኖቹ ግን ገና ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። የሚያዋጣው መንገድ ዊንዶውሱን ባለበት ትቶ ሊኑክስ ከሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እትሞች አንዱን፣ ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን፣ ከጎኑ መጫን፣ ኢንተርኔት የሚነካውን ሥራ በሊኑክስ፣ የግድ ዊንዶውስ የሚፈልገውን በዊንዶውስ ማከናወን ነው።

ይህን የምንጽፈው ዘዴው ያለ ጥፋቱ ስሙ ስለጠፋ ነው። ሁለት ሲስተም በአንድ ማሽን መጫን «ዱዋል ቡት» ይባላል፤ «ዱዋል ቡት ዳታ ይበላል» የሚል ወሬ አለ። ደንበኛ ሲጠይቅ «ሁሉንም ፎርማት አድርገን እንጫን» የሚል መልስ ያገኛል፤ ፎቶውም የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ዳታ የሚጠፋው ከመጫኑ በፊት መደረግ ያለበት ሲዘለል ነው፤ የሚዘለለውም ሁልጊዜ ያው የታወቀ ነገር ነው።

ዊንዶውሱ ለምን ይቆይ ለሚል፣ የመሀል ከተማ ቢሮዎችን ዶሴ መመልከት ይበቃል። በፓወር ግዕዝና ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ መሰል ፎንቶች የተጻፉ የብዙ ዓመት ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ውሎች አሉ። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ይሆናሉ። የሂሳብ ሠራተኛው ፒችትሪም፣ የመሐንዲሱ አውቶካድም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ስለዚህ «ዊንዶውስን ጨርሰህ ጣለው» የሚለውን ምክር ለቢሮ ማሽን አንደግፍም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተሸው ቢትሎከር ነው፤ ብዙ ሰው ዳታውን ያጣውም እዚህ ላይ ነው። ቢትሎከር ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፍ የዊንዶውስ ክፍል ነው። በሆም እትም ላይ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በሚል ስም ይገኛል። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ እንደ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራሱ ሥራ ይጀምራል። ችግሩ የሚታየው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ አንድ ነገር ሲነካ ነው፦ ያልተፈረመ ማስነሻን የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ፣ የማስነሻ ቅደም ተከተል ሲቀየር፣ ባዮሱ ሲታደስ። የቲፒኤም ቺፑ «ማሽኑ ተነክቷል» ብሎ ቁልፉን አልሰጥም ይላል፤ ሰማያዊ ገጽ ወጥቶ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ ከሌለ ዳታውን የሚያወጣ ባለሙያ የለም፤ «አወጣለሁ» የሚል ካለ ገንዘብ እንዳትከፍሉት።

ቁጥሩ የሚቀመጠው ማሽኑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው። ዊንዶውሱን የጫነው ባለሱቅ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው ባለሱቁ ዘንድ ነው፤ ባለላፕቶፑ አያውቀውም። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ተብሎ ይገባና ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን «ኦን» መሆኑ ይታያል። ከሆነ አጥፍቶ ዲስኩ እስኪፈታ መጠበቅ ነው፤ እንደ ዲስኩ መጠንና ፍጥነት ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይወስዳል። እየተፈታ ሳለ ወደ ቀጣዩ እርምጃ መሄድ አይገባም። ማጥፋት የማይፈልግ ሰው ደግሞ 48ቱን አኃዝ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅምም። የጥገና ቤት ባልደረቦቻችንን የምንለምነውም ይህንኑ ነው፦ ማሽን ስትረከቡ የቢትሎከሩን ሁኔታ በመረከቢያ ደረሰኙ ላይ ጻፉ፤ ዊንዶውስ ስትጭኑም አካውንቱ በደንበኛው ስም ይከፈት።

ባካፕ ወደ ሌላ ዲስክ ይሁን። ሲ ድራይቭን ወደ ዲ ድራይቭ መገልበጥ ባካፕ አይባልም፤ ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ የተሰመሩ ክፍሎች ናቸውና አንዱ በስህተት ሲጠፋ ሌላውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

መብራቱንም ማሰብ ግድ ነው። የፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፍል፣ ልክ እየተቀየረ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ የፋይሎቹ መዝገብ ሊበላሽ ይችላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይጀመር። ጄኔሬተር ያለው ሕንፃም አያስተማምንም፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለው ጥቂት ሰከንድ ዴስክቶፑን ለማጥፋት ይበቃል። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ ግማሽ ሰዓት መቆየቱ አስቀድሞ ይሞከር።

ቀጥሎ ቦታ ማስለቀቅ ነው። የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ማሳነስ ያለበት ራሱ ዊንዶውስ ነው፤ የራሱን ፋይሎች አሰፋፈር የሚያውቀው እሱ ነውና። የዊንዶውስ ምልክቱ በቀኝ ሲጫን ከሚወጣው ዝርዝር «ዲስክ ማኔጅመንት» ይከፈትና ሲ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ሽሪንክ ቮልዩም» ይመረጣል። የሚገባው ቁጥር በሜጋባይት ነው። 50 ጊጋባይት የፈለገ ሰው 51200 ይጽፋል፤ 50 ብሎ የጻፈ 50 ሜጋባይት ብቻ ያገኛል። ለኡቡንቱ ዝቅተኛው 25 ጊጋባይት ነው፤ ግን ጥቂት ፕሮግራም ሲጨመርና ማሻሻያ ሲወርድ ያጥራል። ባለ 256 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ከ50 እስከ 60 መስጠት፣ ለዊንዶውሱም ቢያንስ 30 ያህል ባዶ ቦታ መተው ይመከራል፤ ዊንዶውስ ቦታ ካጣ ማሻሻያዎቹ መውደቅ ይጀምራሉ። የተለቀቀው ቦታ በጥቁር መስመር «አንአሎኬትድ» ተብሎ ይታያል፤ እንዳለ ይተው። «ኒው ቮልዩም» ብሎ ኢ የሚባል ድራይቭ የሠራበት ሰው ሊኑክስ መጫኛው ባዶ ቦታ አያገኝለትም።

ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ከ3 ጊጋባይት በላይ አልቀንስም» የሚልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ዊንዶውስ በሥራ ላይ ሳለ የማያንቀሳቅሳቸው ፋይሎች ዲስኩ መሀል ወይም መጨረሻ ላይ መቀመጣቸው ነው፦ የሃይበርኔሽን ፋይል (ማሽኑ ሲተኛ ትውስታው የሚጻፍበት)፣ የፔጂንግ ፋይል (ራም ሲሞላ የሚያግዘው) እና የሲስተም ሪስቶር ቅጂዎች (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሱት)። ሦስቱን ለጊዜው አጥፍቶ፣ ሪስታርት አድርጎ፣ ሽሪንኩን እንደገና መሞከር ነው። ከተሳካ በኋላ ፔጂንጉና ሪስቶሩ ይመለሱ፤ ሃይበርኔሽኑ ግን ጠፍቶ ይቅር፤ ምክንያቱን እንንገራችሁ።

ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው። ይህ በርቶ ሳለ «ሻት ዳውን» ሲባል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የሲስተሙን ዋና ክፍል (ከርነሉን) ወደ ሃይበርኔሽን ፋይል ጽፎ ያድራል። የዊንዶውሱ ፓርቲሽን በዚያ ጊዜ ገና በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ሊኑክስ ይህን ሲያይ ፓርቲሽኑን ለማንበብ ብቻ ይከፍታል ወይም ጭራሽ አልከፍትም ይላል። አንዳንዱ ሰው በኃይል ከፍቶ ፋይል ይጽፍበታል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ አሮጌውን መዝገብ ከትውስታው ስለሚያመጣ አዲሱ ፋይል ይጠፋል፣ አንዳንዴም አቃፊው በሙሉ ይበላሻል። ሃይበርኔሽኑን ያላጠፋ ሰው በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ የማጥፊያ ቁልፎቹ ሥራ የሚወሰንበት ገጽ ተገብቶ ምልክቱ ይነሳ። ማሽኑ ጠዋት ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ነው።

ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋባይት፣ ሚንት 22 ወደ 3 ጊጋባይት ይመዝናሉ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጣቸው እትሞች ስለሆኑ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛሉ። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን የሚንት ኤክስኤፍሲኢ እትም ይቀላል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው አንዴ አውርዶ፣ ትክክለኛነቱን አረጋግጦ፣ በፍላሽ ለጓደኛ ማካፈል ሕጋዊ ነው፤ ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል። ማረጋገጡን ግን አትዝለሉት። ከፋይሉ ጋር ሻ 256 የሚባል 64 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይወጣል፤ ወደ ፍላሽ በሚጽፈው ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ፋይሉ ተመርጦ አጠገቡ ያለችው የራይት ምልክት ስትጫን ይህንኑ መለያ አስልቶ ያሳያል። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ጎድሏል፤ መጫኑ መሀል ላይ ደርሶ ሊወድቅ ይችላል።

ፍላሹ ለሚንት 4፣ ለኡቡንቱ 8 ጊጋባይት ይበቃል። በላዩ 64 ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ፍላሽ በገበያ አለ፤ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ የተጻፈበትን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሩፈስ ላይ ለአዲስ ማሽን «ጂፒቲ» (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) እና «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ የአነሳስ መንገድ፤ አሮጌው «ሌጋሲ» ይባላል) ይመረጣል። ስለ አጻጻፉ ሲጠይቅ «አይኤስኦ» የሚለው ይቀደም፤ ማሽኑ ፍላሹን ካላነሳ «ዲዲ» በሚለው እንደገና ይጻፍ።

ማሽኑን በፍላሹ ለማስነሳት በኤችፒ ኤፍ 9፣ በዴልና በብዙ ሌኖቮዎች ኤፍ 12 ይጫናል። ፍላሹ በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ አንዱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ቅድመ ቅጥያ አለው። ዊንዶውሱ በየትኛው መንገድ እንደተጫነ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ባዮስ ሞድ» ከሚለው አጠገብ ይነበባል፤ ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ ይላል። ሊኑክሱም በዚያው መንገድ መነሳት አለበት። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ፣ ሊኑክስ በሌጋሲ ከተጫኑ አንዱ ሌላውን አያየውም፤ ደንበኛውም «ዊንዶውሴ ጠፋ» ብሎ ይመጣል፣ ዊንዶውሱ ግን በቦታው አለ።

መጫኛው ከተነሳ በኋላ መታየት ያለበት ምርጫ «ከዊንዶውስ ቡት ማናጀር ጎን ጫን» የሚለው ነው። ይህ ሳይታይ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ብቻ ከቀረበ፣ እዚያው ላይ ቁሙ፤ ወደፊት አትግፉ። የሚያጠፋው ሲን ብቻ መስሎት የሚጫን ሰው አለ፤ ዲስኩ እንዳለ፣ ዲም ሪከቨሪውም ጭምር ነው የሚጠፋው። ምርጫው ያልታየበት ምክንያት ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ፍላሹ በተሳሳተ መንገድ ተነስቶ ይሆናል። ቢትሎከሩ አልተፈታ ይሆናል። ኤምቢአር በሚባለው አሮጌ የዲስክ አከፋፈል ላይ ደግሞ ዋና ፓርቲሽን ከ4 መብለጥ አይችልም፤ አንዳንድ አሮጌ ኤችፒዎች ከፋብሪካ አራቱንም ይዘው ስለሚመጡ ባዶ ቦታ ቢኖርም አምስተኛ አይፈጠርም። ከአራቱ አንዱ፣ ባካፕ ተደርጎ፣ መሰረዝ አለበት።

መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ካላየው ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የባዮሱ ነው፦ ስቶሬጁ «ሬይድ» ወይም «ኢንቴል አርኤስቲ» ተብሎ ተቀምጧል። ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር አለበት፤ ግን ዝም ብሎ የቀየረ ሰው ዊንዶውሱ በሰማያዊ ገጽ ይቆምበታል፤ ለኤኤችሲአይ የሚያስፈልገው ድራይቨር ሲነሳ እንዲጫን አልተዘጋጀምና። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በዊንዶውስ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ተከፍቶ «ቡት» በሚለው ገጽ «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት ይደረጋል። ሪስታርት ሲሆን በቀጥታ ወደ ባዮስ ገብቶ ኤኤችሲአይ ይደረጋል። ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ ሲነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል፤ ከዚያ ያ ምልክት ይነሳና እንደገና ሪስታርት ይደረጋል። ይህንን ያወቀ ባለሙያ ፎርማት የሚያስደርግ ምክንያት አያገኝም።

በእጅ ፓርቲሽን ለሚመርጥ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። «ኢኤፍአይ» የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ያህል የሆነ ትንሽ ፓርቲሽን አለ። የሁለቱም ሲስተሞች ማስነሻ እዚያው፣ በየራሱ አቃፊ ይቀመጣል። ሊኑክስ ይጠቀምበት፤ «ፎርማት» የሚለው ምልክት ግን እንዳይነካ፤ ከተነካ የዊንዶውሱ ማስነሻ ይጠፋል። በባዶው ቦታ ላይ ዓይነቱ «ኢኤክስቲ 4» የሆነ አንድ ፓርቲሽን በስላሽ ምልክት ተሰይሞ ከተፈጠረ ይበቃል። ኡቡንቱም ሚንትም ስዋፑን (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን ቦታ) በፋይል ስለሚሠሩት ለብቻው ፓርቲሽን አይሻም።

ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚቀል ምርጫ አለው። ማጫወቻው ወጥቶ በቦታው ካዲ በሚባል መያዣ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ይገባል። ካዲው 9.5 ወይም 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው ከመግዛት በፊት የወጣው ማጫወቻ ይለካ። ሊኑክሱ ሲጫን የዊንዶውሱን ዲስክ ነቅሎ ማቆየት ይመከራል፤ መጫኛው አንዳንዴ ማስነሻውን በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ያስቀምጣልና።

የዋይፋይ ወይም የኤንቪዲያ ድራይቨር ሲጨመር መጫኛው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል እንዲወጣ ይጠይቃል። ከሪስታርት በኋላ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ «ኢንሮል ሞክ» ተብሎ ያ ቃል ይገባል። ገጹን ሳያነብ «ኮንቲኒው» ያለ ሰው ድራይቨሩ ሳይሠራ ይቀርበታል። ዋይፋዩ ገና ካልተነሳ ስልክን በኬብል አገናኝቶ በዩኤስቢ ኢንተርኔት መስጠት ይቻላል።

ከተጫነ በኋላም የሚያስደነግጥ ነገር አይጠፋም። ከዊንዶውስ ማሻሻያ በኋላ የምርጫው ገጽ፣ ግራብ የሚባለው፣ ከጠፋ ባብዛኛው ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ ነው፤ ባዮስ ውስጥ «ኡቡንቱ» ወደ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ የደህንነት ማሻሻያ ግን ከዚህ የከበደ ነበር፤ የቆየ የሊኑክስ ማስነሻ ያላቸውን ማሽኖች «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» እያለ አስቆመ። እንዲህ ሲገጥም ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክስን ማስነሳትና በሙሉ ማደስ ይገባል። ከዚያም የተከለከሉ ማስነሻዎችን የሚመዘግበው ኤስባት የሚባለው ፖሊሲ በ«ሞክዩቲል» ተሰርዞ ሴኪዩር ቡት ይመለሳል። ዊንዶውሱ ከግራብ ዝርዝር ከጠፋ ደግሞ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው «ኦኤስ ፕሮበር» በግራብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ተዘግቶ ይሆናል፤ ተከፍቶ ግራብ ይታደስ።

ሰዓቱም ይዛባል። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዊንዶውስ በአካባቢው ሰዓት ያነባሉ። አዲስ አበባ 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተ መስሏቸው የሚቀይሩ አሉ። በሊኑክስ «ታይምዴትሲቲኤል» በሚባለው ትእዛዝ «ሎካል አርቲሲ» 1 ሲደረግ ይስተካከላል።

አማርኛ ለመጻፍ በሊኑክስ «ኪቦርድ» ማስተካከያ ውስጥ የአማርኛ ገበታ አለ፤ ግን የፊደሎቹን ቦታ መልመድ ይጠይቃል። በላቲን ድምፅ መጻፍ የለመደ ሰው «አይባስ ኤም17ኤን» የሚባለውን ጥቅል ጭኖ «ሴራ» የሚለውን የአማርኛ ስልት ይምረጥ። በዚህ የሚጻፈው ዩኒኮድ ስለሆነ ዊንዶውስም ስልክም ላይ ሳይበላሽ ይነበባል።

ሊኑክሱን ከማሽኑ ማስወገድ የፈለገ ሰው ፓርቲሽኑን አስቀድሞ ከዲስክ ማኔጅመንት ከሰረዘ ጥቁር ገጽ ላይ «ግራብ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀርለታል። በመጀመሪያ ባዮስ ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» ወደ ላይ ይውጣ፤ ዊንዶውሱ በቀጥታ መነሳቱ ይረጋገጥ፤ ከዚያ በኋላ የሊኑክሱ ፓርቲሽን ተሰርዞ ሲ «ኤክስቴንድ» ይደረጋል። ኤክስቴንድ የሚሠራው ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ ሲሆን ነው፤ በመካከል የሪከቨሪ ፓርቲሽን ካለ ምርጫው ደብዝዞ ይቀራል። በሌጋሲ ማሽን ላይ ግን የማስነሻ ቅደም ተከተሉን መቀየር አይበቃም፤ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስቶ ኤምቢአሩ መጠገን አለበት፤ ስለዚህ ያ ፍላሽ ከስረዛው በፊት ተዘጋጅቶ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ